የአይረን ክኒን ከቡና ጋር፣ የፀጉር ቪታሚን፣ የማወፈሪያ ሽሮፕ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከፋርማሲ፣ ከሱቅ ወይም ከውጭ አገር በሻንጣ የሚመጡ የቪታሚንና የማዕድን ክኒኖችን የሚመለከቱ ናቸው። «ቪታሚን ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ለሚለው አንድ ወጥ መልስ የለም። የሚወስነው መጠኑ፣ የሚወሰድበት ሰዓትና ሰውየው በእርግጥ ጉድለት ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ቁጥር አልቆጠብንም፤ ክኒኑ ላይ ከተጻፈው ጋር እያስተያያችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከጤና ጣቢያ የተሰጣት የአይረን ክኒን ያቅለሸልሻታል፣ ሆዷን ያደርቃታል፣ ሰገራዋንም አጠቆረው። እናቷ ደግሞ «ጤፍ እየበላች ምን ክኒን ያስፈልጋታል?» ይላሉ። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ትጠጣለች። ትተወው?
*አባት ሊሆን የተቃረበ፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ አትተወው፤ አወሳሰዷን ግን ታስተካክል። በእርግዝና ጊዜ የእናትየው ደም ይጨምራል፤ ፅንሱና የእንግዴ ልጁም ከእሷ ብረት (አይረን) ይወስዳሉ። በቀን የሚያስፈልጋት ወደ 27 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ ይህን ከምግብ ብቻ መሙላት ለአብዛኞቹ እናቶች ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በየቀኑ የሚመክረው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ከ400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ነው።

አማትዎ ስለ ጤፍ የሚሉት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ጤፍ ብረት አለው። ነገር ግን አንዳንድ ሰንጠረዦች ላይ የሚታየው በጣም ከፍተኛ ቁጥር በከፊል የአውድማ አፈር ውጤት ነው። እህሉ መሬት ላይ በከብት እግር ሲበራይ የሚቀላቀለው አፈር ብረት ስላለው ላቦራቶሪው አብሮ ይቆጥረዋል፤ አንጀት ግን ከዚያ የሚጠቀመው በጣም ጥቂቱን ነው። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ እንጀራ በዚህ በኩል ካልቦካ ቂጣ ይሻላል። ወጡ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ቃሪያ ወይም ቲማቲም አብሮ መብላትም ከምግቡ የሚገኘውን ብረት በደንብ ይጨምረዋል፤ ቪታሚን ሲ ብረቱን አንጀት በሚቀበለው መልክ ያቆየዋልና። ይህ ሁሉ ክኒኑን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ትልቁ ችግር ቡናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ የታወቀ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣውም ያው ጉዳት ነበረው፤ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም። ስለዚህ ቡናው ይቅደም። አቦልና ቶናው ካለቀ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ክኒኑን በውኃ ትዋጥ፤ ከዋጠች በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቡና፣ ሻይ፣ ወተትና የካልሲየም ክኒን አትንካ። ለብዙ ሴቶች የሚመቸው ከመኝታ በፊት መውሰድ ነው፤ የቡናው ሰዓት አልፏል፣ ማቅለሽለሹንም እንቅልፍ ይሸፍነዋል። በባዶ ሆድ የሚከብዳት ከሆነ ትንሽ ምግብ ትቅመስ። የሚገባው ብረት ትንሽ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ከመተው ግን በብዙ ይሻላል። ለሆድ ድርቀቱ ውኃ፣ የተነከረ ተልባ፣ ፓፓያና ጎመን ይረዳሉ።

የሰገራ መጥቆር ያልተወሰደው ብረት ቀለም ስለሆነ አያስፈራም። ነገር ግን ሰገራዋ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና በጣም የሚሸት ከሆነ፣ ማዞርም ካላት፣ የደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ትታይ።

ክኒኑን ከፋርማሲ የምትገዙ አንባቢያን በማሸጊያው ላይ ካለው ቁጥር ተጠንቀቁ። «ፌረስ ሰልፌት 325 ሚሊ ግራም» ማለት 325 ሚሊ ግራም ብረት ማለት አይደለም፤ ውስጡ ያለው ብረት 65 ሚሊ ግራም ነው። «ፌረስ ፉማሬት 200» ላይም ወደ 65 ነው፤ «ፌረስ ግሉኮኔት 300» ላይ ግን 35 ገደማ ብቻ። አንዱን በሌላው ስትተኩ የምታወዳድሩት የብረቱን መጠን ነው።

የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን የምትወስድ ሴት ብረቱን በ4 ሰዓት ታራርቀው። ዶሉቴግራቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ ደግሞ ወይ ሁለቱን ከምግብ ጋር አንድ ላይ ትውሰድ፣ ወይ መድኃኒቱን ከብረቱ 2 ሰዓት ቀድማ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታ ትዋጥ፤ አለበለዚያ ብረቱ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሰዋል።

ክኒኑን ከልጅ እጅ አርቁ! ቀይ ሽፋኑ ከረሜላ ይመስላል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ባለ 60 ሚሊ ግራሙን አሥር ክኒን ቢውጥ ለሕይወቱ የሚያሰጋ መጠን ነው፤ ሦስት ወይም አራቱም ያሳምሙታል። መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት የተሻለው ይመስላል፣ ጉበቱ የሚጎዳው ግን ከዚያ በኋላ ነው። «ዳነ» ብላችሁ ቤት አታቆዩት።

ሌላ ልጅ ለማሰብ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ፎሊክ አሲዱን ከማርገዟ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማ ትጀምር። የፅንሱ ሕብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት በዚያ ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። የሕብለ ሰረሰር ክፍተት በአገራችን በብዛት የሚታይ ችግር ስለሆነ ይህን ሳንጠየቅም እንናገራለን። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት የሚያስፈልጋት መጠን አሥር እጥፍ፣ ማለትም 4 ሚሊ ግራም ነው፤ እሱንም ሐኪም ያዝላታል።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ በኋላ ፀጉሬ ይነቃቀል ጀመር። «ባዮቲን 10,000» የሚል እንደ ከረሜላ የሚታኘክ ቪታሚን ለአራት ወር ወሰድኩ። አሁን ሐኪሜ የታይሮይድ ምርመራሽ ልክ አልመጣም አለችኝ። ይገናኛሉ?
*የሕፃን እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ ሊገናኙ ይችላሉ። መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ስለ ባዮቲኑ ለሐኪምዎ ይንገሯት።

ብዙ ላቦራቶሪዎች ሆርሞን የሚለኩት ባዮቲን ከአንድ ፕሮቲን ጋር አጥብቆ በመጣበቅ ባሕርዩ ተጠቅመው ነው። ደም ውስጥ ትርፍ ባዮቲን ሲኖር ማሽኑ ይሳሳታል፦ ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን (ቲ ኤስ ኤች) ዝቅ፣ ታይሮይድ የሚያመርተው (ቲ 4) ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ታይሮይድዎ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከመጠን በላይ የሚሠራ ይመስላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍ ዲ ኤ) እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2019 ስለዚህ አስጠንቅቋል። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚታወቅበትን የትሮፖኒን ምርመራም ያለ አግባብ ዝቅ ሊያደርገው ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ቢገቡም መናገር ያለብዎት ነገር ነው። ባዮቲኑን ቢያንስ ለ2 ቀን አቁሞ ምርመራውን መድገም የተለመደ ነው፤ በእርስዎ መጠን ሐኪምዎ ከዚያ በላይ እንዲቆዩ ልትጠይቅ ትችላለች።

አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው ባዮቲን 30 ማይክሮ ግራም ነው። የእርስዎ ጠርሙስ ጀርባ ላይ ከ10,000 ማይክሮ ግራም ጎን 33,333 በመቶ የሚል ቁጥር ያገኛሉ። ይህ ጥራትን አያሳይም፤ ከዕለታዊ ፍላጎት ከ300 እጥፍ በላይ ነው። ባዮቲን የሚያጥረው ሰው ጥቂት ነው፤ ለማያጥረው ሰው ደግሞ ፀጉር እንደሚያበቅል አሳማኝ ማስረጃ የለም።

ከወሊድ ሦስት ወር ገደማ በኋላ ፀጉር መነቃቀሉ የታወቀ ነገር ነው፤ ሆርሞን ሲወርድ አብረው ያረፉ ፀጉሮች አብረው ይረግፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል። ካልተመለሰ የሚጠየቀው የብረት ክምችት (ፌሪቲን) ምርመራ ነው። የሚረግፈው ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ብቻ ከሆነ ግን ምክንያቱ የተወጠረ ሹሩባ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ክኒን አያድነውም። ሹሩባውን ማላላትና ለጥቂት ወር ማረፍ ነው መፍትሔው፤ ከዘገየ ሥሩ ጠባሳ ይይዝና ፀጉሩ አይመለስም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ኤፍ ዲ ኤ ቪታሚኖችን ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት አያጸድቅም። ሱቅ መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ተመርምሯል ማለት አይደለም። የዩ ኤስ ፒ ወይም የኤን ኤስ ኤፍ ማኅተም ያለበት ምርት በገለልተኛ አካል ተፈትሾ የተጻፈው ነገር በተጻፈው መጠን ውስጡ እንዳለ ያረጋግጣል። ይሠራል ወይ የሚለውን ግን ማኅተሙ አይመልስም።

ጥያቄ፦ ቀጭን ነኝ። ዘመዴ ከውጭ የማወፈሪያ ሽሮፕ ላከችልኝ፤ ሁለት ሳምንት ስወስድ ምግብ ፍላጎቴ ተከፈተ፣ እንቅልፍ ግን ይጥለኛል። ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ ስም በሌለው ላስቲክ የሚሸጥ ክኒን አብረሽ ውሰጂ አለችኝ።
*የ22 ዓመት ወጣት፣ ከደሴ*

መልስ፦ ክኒኑን አይውሰዱ፤ ሽሮፑንም ያቁሙ።

አፔታሚንን የመሳሰሉ ሽሮፖች ውስጥ ያለው ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ነው። ቪታሚኖች ይጨመሩበታል፣ ሥራውን የሚሠራው ግን እሱ ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እንቅልፍ ያመጣል። አፔታሚን በአሜሪካ ያልተፈቀደ ምርት ነው፤ ኤፍ ዲ ኤ እንዳይጠቀሙት አስጠንቅቋል። ሲያቆሙት የመብላት ፍላጎቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፣ የጨመሩት ኪሎም አብሮ ይሄዳል።

የላስቲኩ ክኒን ይበልጥ ያሳስበናል። ስም የሌላቸው የማወፈሪያ ክኒኖች ውስጥ ዴክሳሜታሶንን የመሰለ ስቴሮይድ በተለያዩ አገሮች ተገኝቷል። ፊትና ሆድ ያብጣል፣ ክንድና እግር ይቀጥናል፤ ስኳርና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ኢንፌክሽን የመከላከል አቅም ይዳከማል። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደችው ሰው በድንገት ብታቆምም አደጋ ነው፤ ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ስለሚቆይ ግፊቷ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። ጓደኛዎ እየወሰደችው ከሆነ ክኒኑን ይዛ ሐኪም ቤት ትሂድ፤ ቀስ በቀስ የሚቀነስበትን መንገድ ይነግሯታል።

ኪሎዎ ሁልጊዜ ይህን ያህል ከነበረና ጤነኛ ከሆኑ የሚያስፈልግዎት ምግብ ነው። ከተለመደው ምግብዎ ላይ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ (30 ግራም፣ 170 ኪሎ ካሎሪ ገደማ)፣ ግማሽ አቮካዶ (160 ገደማ) እና ወጥ ወይም ገንፎ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት (120) ቢጨምሩ በቀን 450 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ይህን በየቀኑ ከቀጠሉ በሁለት ወር ውስጥ ሚዛኑ ላይ ይታያል። በሶና ጭኮም ለዚህ የተመቹ ናቸው። ነገር ግን ኪሎዎ በቅርቡ የቀነሰ ከሆነ፣ በተለይ ሳልና የሌሊት ላብ ካለ፣ ከምግቡ በፊት የቲቢ፣ የስኳር፣ የታይሮይድና የኤች አይ ቪ ምርመራ ይቅደም።

ጥያቄ፦ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ለስኳር ሜትፎርሚን ከወሰዱ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ጾም አያጓድሉም። አሁን የእግራቸው መዳፍ ይደነዝዛል። አንዱ «የነርቭ ቪታሚን መርፌ ይወጉ»፣ ሌላው «ጾሙ ነው» ይላል።
*ልጃቸው፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ጾሙን ብቻውን ተጠያቂ አናደርገውም። ቪታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከዓሣ ነው፤ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ውስጥ የለም። ነገር ግን ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው በፍስክ ወራት ወተትና ዕንቁላል የሚያገኝ ሰው በሁለት ወር ጾም አይጎድልበትም። የአባትዎ ጉዳይ የተለየ የሚሆነው ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ ቢ12 በአንጀት በደንብ እንዳይገባ ስለሚያደርግ ነው። ከጾሙና ከዕድሜው ጋር ሲደመር ምርመራ ይገባቸዋል። ኦሜፕራዞል ለጨጓራ በየቀኑ የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፤ እሱም ይጨምርበታል።

መደንዘዙ ከስኳሩ ወይም ከቢ12 ጉድለት ሊመጣ ይችላል፤ በስሜቱ መለየት አይቻልም፣ በደም ምርመራ ግን ይለያል። ጉድለት ከተገኘ ሁልጊዜ መርፌ አያስፈልግም። በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም ብቻ ሲሆን ከ1,000 ማይክሮ ግራም ክኒን በተለመደው መንገድ ባይገባ እንኳ 1 በመቶ ያህሉ በራሱ ሰርጎ ይገባል፤ ያም 10 ማይክሮ ግራም ነው። ነርቭ የተጎዳ መሆኑ ከታየ ግን ሐኪሞች በመርፌ መጀመርን ይመርጣሉ። ሜትፎርሚኑን በራሳቸው እንዳያቆሙ።

ሁለት ነገር እንጨምር። ቢ12 ሳይመረመር ፎሊክ አሲድ ብቻ መውሰድ የደም ማነሱን ያሻሽልና የነርቭ ጉዳቱ ተደብቆ እንዲቀጥል ያደርጋል። «ለነርቭ» የሚባሉት ቅልቅል ክኒኖች ውስጥ ደግሞ ቢ6 አንዳንዴ 100 ወይም 200 ሚሊ ግራም ይገኛል። የአሜሪካው ከፍተኛ ወሰን በቀን 100፣ የአውሮፓው ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 12 ሚሊ ግራም ነው። ቢ6 ለወራት ከመጠን ሲያልፍ ራሱ እጅና እግር ያደነዝዛል፤ ሰው መድኃኒቱ አልበቃኝም ብሎ ይጨምራል፣ ድንዛዜውም ይብሳል።

ጥያቄ፦ ሪያድ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ፀሐይ አላይም። የቪታሚን ዲ ውጤቴ 28 ነው ተባልኩና 50,000 የሚል እንክብል ታዘዘልኝ። በየቀኑ አንድ አንድ ለሦስት ሳምንት ወሰድኩ። አሁን ያቅለሸልሸኛል፣ ውኃ ውኃ ይለኛል።

መልስ፦ ዛሬውኑ ያቁሙና የካልሲየምና የኩላሊት ምርመራ ያድርጉ። ባለ 50,000 ዩኒቱ እንክብል በተለምዶ የሚታዘዘው በሳምንት አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለ8 ሳምንት፣ በድምሩ 400,000። እርስዎ በሦስት ሳምንት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወስደዋል። ማቅለሽለሽ፣ ጥማት፣ ሽንት መመላለስና የሆድ ድርቀት ካልሲየም በደም ውስጥ ከፍ ማለቱን ሊያሳዩ ይችላሉ። ቪታሚን ዲ በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚከማች ካቆሙም በኋላ ለሳምንታት ይቆያል፤ እስኪመረመሩ ካልሲየም ያለበት ክኒን አይውሰዱ፣ ውኃ ይጠጡ። ግራ መጋባት ወይም ብርቱ ማስመለስ ከመጣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የውጤት ወረቀቱንም እንደገና ይዩት። 28 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ከሆነ ለአጥንት የሚበቃ መጠን ነው። 28 ናኖ ሞል በሊትር ከሆነ ግን ጉድለት ነው። አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር ናኖ ግራሙን በ2.5 ማባዛት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ለሚወስድ አዋቂ የሚበቃው 600 ዩኒት (15 ማይክሮ ግራም)፣ ከ70 ዓመት በላይ 800 ሲሆን፣ ከፍተኛው ወሰን 4,000 ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ በማኅበራዊ ሚዲያ በአማርኛ የሚያስተዋውቁ ብዙ ናቸው። የትኛውን ልመን? እውነቱን የምፈትሽበት ቦታ የት አለ?
*ከፍራንክፈርት*

መልስ፦ የሚሸጠውንና የሚመክረውን ለዩ፤ ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ መረጃውን ከሌላ ቦታ ፈትሹ። መጠኑን በሚሊ ግራም ወይም በማይክሮ ግራም የማይናገር፣ ማን መውሰድ እንደሌለበት የማይጠቅስ፣ ስኳርንም ግፊትንም ካንሰርንም በአንድ ዱቄት የሚያድን ማስታወቂያ ይታለፍ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የምግብ ማሟያ «በሽታ ይፈውሳል» ተብሎ መሸጥ አይችልም፤ የተፈቀዱት አባባሎች በኅብረቱ መዝገብ ላይ በይፋ ተዘርዝረዋል። እርስዎ ባሉበት ጀርመን የሸማቾች ማዕከላት «ክላርቴክስት ናሩንግስኤርጌንትሱንግ» በሚል ስም ስለ ማሟያዎች መረጃ የሚሰጡበት ገጽ አላቸው። የፌዴራሉ የአደጋ ምዘና ተቋምም በአንድ ቀን ማሟያ ውስጥ ሊኖር የሚገባውን ከፍተኛ መጠን ይመክራል፤ ለምሳሌ ለቪታሚን ዲ 20 ማይክሮ ግራም።

እንግሊዝኛ ለሚያነቡ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የምግብ ማሟያዎች ጽሕፈት ቤት ለእያንዳንዱ ቪታሚንና ማዕድን የተለየ ገጽ አዘጋጅቷል። በአንድ ገጽ ላይ የዕለት ፍላጎቱን በዕድሜ፣ የሚገኝበትን ምግብ፣ ከፍተኛ ወሰኑንና አብረውት የማይሄዱ መድኃኒቶችን ያገኛሉ፤ እኛ ደጋግመን የምንመለስበትም እሱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ምርቱ መመዝገቡን የሚጠየቀው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥልጣኑ የእሱ ነው። ስለ አመጋገብ ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተሳተፈበት ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ አለ፤ የእኛኑ ምግብ መሠረት ያደረገ ስለሆነ ከውጭ ከሚገለበጡ ሰንጠረዦች የበለጠ ይጠቅማል።

በአጭሩ

*ሽፈራው (ሞሪንጋ) ለስኳር?* ቅጠሉን እንደ ጎመን መብላት መልካም ነው፤ ኮንሶ ውስጥ የዕለት ምግብ ነው። ዱቄቱን በሻይ ማንኪያ ወስዶ የስኳር መድኃኒት ማቆም ግን አይሆንም። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ሽፈራውም ሆነ አብሽ ስኳሩን አብረው ሊያወርዱት ስለሚችሉ በየጊዜው ይለካ።

*ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) እወስዳለሁ፣ ጎመን ልተው?* አይተዉ። በሳምንት የሚበሉትን መጠን አንድ ዓይነት ያድርጉት። ጎመን ቪታሚን ኬ ስላለው የሚያበላሸው አንድ ሳምንት ምንም ሳይበሉ በሌላው በየቀኑ መብላት ነው። ፍስክም ሆነ ጾም ሲገባ የደም መርጋት ምርመራውን ቀረብ አድርገው ያሠሩ።

*የሚሟሟ ቪታሚን ሲ 1,000 በየቀኑ?* አንድ ዘይቱን ብቻውን የቀኑን ፍላጎት ይሞላል። የደም ግፊት ያለበት ሰው የሚሟሟው ክኒን ሶዲየም እንዳለው ይወቅ፤ የኩላሊት ጠጠር የነበረበት ደግሞ ይተወው።

*አዮዲን ያለው ጨው ለምን ክፍቱን አይቀመጥም?* እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን አዮዲኑን ስለሚያባክኑት። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ጨውን አትጠቡት፤ ወጡ ውስጥ የምትጨምሩት ሊወርድ ሲል ይሁን።